ፍርድ በአደባባይ፦ የዌልስ የግጥምና የዜማ ጉባኤ ለሂስ የሰጠው ስፍራ

«ኬልት» የሚለው ስም ከቋንቋ ሊቃውንት እጅ ወጥቶ የድግስ ማስታወቂያ ከሆነ ሰንብቷል። ዌልሳዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሉይድ በ1707 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የዌልስን፣ የአየርላንድን፣ የኮርንዎልንና የብሪታኒን ቋንቋዎች ዝምድና ሲያሳይ የሚያነጻጽረው ቃልን ከቃል ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ግን ብዙው ሰው የሚያስበው ቃልን ሳይሆን ዜማንና ጭፈራን ነው። በስኮትላንድ ከ1892 ጀምሮ የሚካሄደው ሞድ፣ በአየርላንድ በ1951 ሙሊንጋር ከተማ ላይ የተጀመረው ፍላ ኪዮል፣ በብሪታኒ ሎሪያን ከተማ በ1971 የተመሠረተው ታላቅ ክብረ በዓል ሁሉም በዚሁ ስም ጥላ ሥር ይጠራሉ። በጠባያቸው ግን እጅግ ይለያያሉ። በአየርላንዱ ጉባኤ ውድድር ቢኖርም የበዓሉ ነፍስ ያለችው ከመድረኩ ላይ ሳይሆን በየመጠጥ ቤቱና በየመንገዱ ዳር ፊድልና ፍሉት ይዘው ክብ ሠርተው በሚጫወቱት ሰዎች ዘንድ ነው ይባላል። በዚያ ማንም ማንንም አይዳኝም፤ ያልቻለ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በዌልሱ ጉባኤ፣ በአይስቴዝቮድ ላይ ነው። (በመካከሉ ያለውን ድምፅ አማርኛ የለውም፤ በ«ድ» እና በ«ዝ» መካከል ምላስን በጥርስ ይዞ የሚነገር ነው፤ «ዝ» ብዬዋለሁ።) ቃሉ «መቀመጥ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ «ጉባኤ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ዜማ፣ ጭፈራ፣ መዘምራን፣ የሃርፕ ጨዋታ፣ ተውኔትና ንባብ ሁሉ ይቀርቡበታል። የብዙው ጥናት ትኩረት ግን በአልባሳቱና በሥርዓቱ ላይ ይወድቃል፤ ክርክሩም «ይህ ትውፊት እውነተኛ ነው ወይስ የተፈጠረ?» በሚል ጥያቄ ይታጠራል። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ዐይናችንን ከዋናው ነገር ላይ ያነሣዋል። ይህን ጉባኤ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቁም ነገር የሚያደርገው ሂስን በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት፣ ከሽልማቱ አስቀድሞ፣ በቃል እንዲነገር ማድረጉና «የሚገባው አልተገኘም» ለማለትም ለዳኞች ሥልጣን መስጠቱ ነው።

ስለ ጥንታዊነቱ የሚባለውን በአጭሩ ላንሣ። የዌልስ ዜና መዋዕል እንደሚለው በ1176 የገና በዓል ላይ መስፍኑ ሪስ አፕ ግሪፊዝ በካርዲጋን ግንቡ ባለቅኔዎችንና የዜማ ሰዎችን አወዳድሮ ለሁለቱ አሸናፊዎች ወንበር ሸለመ። የግጥሙን ወንበር የወሰደው የሰሜን ሰው፣ የዜማውን የወሰደው ደግሞ የመስፍኑ የራሱ ቤት ሰው እንደነበር ተጽፏል። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተደረጉት ጉባኤዎች ዓላማቸው ከድግስ ይልቅ የሙያ ቁጥጥር ነበር፤ የግጥሙን ሕግ ያልተማረ ሁሉ «ባለቅኔ ነኝ» እያለ በየመኳንንቱ ቤት እንዳይዞር ሕጉ ይጠናል፣ ማዕረግ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተዳከመ ሄዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢዮሎ ሞርጋኑግ የተባለ አስገራሚ ሰው እጅ ላይ ወደቀ።

የኢዮሎ የመዝገብ ስሙ ኤድዋርድ ዊልያምስ ሲሆን (1747–1826) ሥራው ድንጋይ ጠራቢነት ነበር። የኦፒየም መድኃኒት ሱሰኛ፣ የብራና ጽሑፎች አሳዳጅ፣ ጥሩ ገጣሚም ነበር። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ባለቅኔ የዳቪዝ አፕ ግዊሊም ሥራዎች በ1789 ለንደን ሲታተሙ ራሱ የጻፋቸውን ግጥሞች በዚያ ሰው ስም ጨምሮ አሳተመ፤ ሐሰተኛነታቸው በጂ. ጄ. ዊልያምስ ጥናት በማስረጃ የተረጋገጠው በ1926 ነው። በ1792 ደግሞ ለንደን ውስጥ ፕሪምሮዝ ሂል በተባለ ኮረብታ ላይ ጎርሴዝ የሚባለውን የባለቅኔዎች ማኅበር ሥርዓት አካሄደ፤ ከጥንት ካህናት፣ ከድሩይዶች፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው አለ። በ1819 በካርማርዘን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ከኪሱ ጠጠሮች አውጥቶ በሣር ላይ ክብ በመደርደር ሥርዓቱን ከአይስቴዝቮድ ጋር አጋባው። ዛሬ የምናየው ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ካባ፣ «ሊቀ ድሩይድ» የተባለው ማዕረግ፣ ከሰገባው በከፊል የሚመዘዘው ሰይፍ ሁሉ ከዚህ ሰው ሐሳብ የፈለቀ ወይም በዚያ ላይ የተጨመረ ነው። ልጃገረዶች የሚያቀርቡት የአበባ ጭፈራ እንዲያውም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጭማሪ ነው።

ኤሪክ ሆብስቦምና ቴሬንስ ሬንጀር በ1983 ባሳተሙት «የትውፊት ፈጠራ» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ ፕሪስ ሞርጋን ስለ ዌልስ የጻፈው ምዕራፍ ይህን ታሪክ በሰፊው አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ «ኢዮሎ ፈጠረው» ማለት የተማረ ሰው ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ይህን ለማወቅ 1983ን መጠበቅ አላስፈለገም። የባንጎር ኮሌጁ ጆን ሞሪስ ጆንስ የጎርሴዝን ጥንታዊነት በ1896 በጽሑፍ አፍርሶታል። ይኸው ሰው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ጉባኤ ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ የግጥሙን ሕግም በ1925 «ኬርዝ ዳቮድ» (የምላስ ጥበብ) በተባለ ትልቅ መጽሐፍ አደላድሎ ጻፈ። ይህ ግብዝነት አይመስለኝም። ሰውየው ካባውንና ፍርዱን ለይቶ አይቷል። ካባው የ1792 ፈጠራ መሆኑን ያውቃል፤ የሚዳኝበት የግጥም ሕግ ግን የኢዮሎ ፈጠራ አለመሆኑንም ያውቃል።

ያ ሕግ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ጉባኤው መናገር ከንቱ ነው። በዌልስኛ ክንግሃኔዝ ይባላል፤ «መስማማት» እንደማለት ነው። የዓርቡን ዋና ሽልማት፣ ወንበሩን፣ የሚያገኘው ግጥም እያንዳንዱ ስንኝ በዚህ ሕግ የታሰረ መሆን አለበት። አማርኛ ገጣሚ ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው፤ ዌልሳዊው ግን በስንኙ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይመታል። የዌልስኛ ስንኝ መጥቀስ ለአንባቢ ስለማይጠቅም ራሴ በአማርኛ አንድ ማሳያ ልሥራ፤ ግጥምነቱ አይመዘንብኝ፦

ልብ ሰማ፣ ሌባ ሲሞት

አንባቢ ፊደሉን ይቁጠር። በመጀመሪያው ግማሽ ል፣ ብ፣ ሰ፣ ማ አሉ። በሁለተኛው ግማሽ ሌ፣ ባ፣ ሲ፣ ሞ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ት ትርፍ ነው። የፊደሎቹ ዘር ለ-በ-ሰ-መ፣ ለ-በ-ሰ-መ ሆኖ በቅደም ተከተል ተደግሟል፤ አናባቢዎቹ ግን ተለዋውጠዋል። ከአራቱ የክንግሃኔዝ ዓይነቶች አንዱ በመሠረቱ ይህ ነው፤ ሌላው መካከል ላይ ጥቂት ተነባቢዎችን ዘሎ ማለፍን ይፈቅዳል። ሦስተኛው ስንኙን ሦስት ቦታ ይከፍልና አንደኛውን ከሁለተኛው ቤት ያስመታዋል፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው በተነባቢ ያስተሳስረዋል፤ «ማር ዳር ደረሰ» ብንል ማርና ዳር ቤት ይመታሉ፣ ዳርና ደረሰ ደግሞ በደ እና በረ ይያያዛሉ። አራተኛው የመጀመሪያውን ክፍል መድረሻ ከስንኙ የመጨረሻ ቃል የመጨረሻ በፊት ካለው ቀለም ጋር ቤት ያስመታል። በዌልስኛ ከዚህ ሌላ ቃሉ የሚጠብቅበት ቦታም ስለሚቆጠር ነገሩ እኔ ካሳየሁት እጅግ ይከብዳል። የኛ ፊደል ተነባቢውን በቅርጹ፣ አናባቢውን በቅጥያው ስለሚያሳይ ይህን ጥበብ ከላቲን ፊደል ይልቅ ለዐይን ያቀርበዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ሲሞክሩት ከሁሉ በፊት የሚገነዘቡት ነገር ስሕተቱ ወዲያው እንደሚታይ ነው።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የታወቀ ስለሆነ አድማጩ ዳኛውን መዳኘት ይችላል። የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ተማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል፤ በማኅሌት ላይ ቅኔው ሲሠምር «ይበል!» የሚለውም ሰው ለምን እንዳለ ያውቃል። ከዚህ በላይ ማነጻጸሩን አልገፋበትም፤ የቅኔ ምሥጢር በሰምና ወርቅ ትርጉም ላይ ሲያርፍ ክንግሃኔዝ በድምፅ ላይ ያርፋል፤ የአንዱ መድረክ ቤተ ክርስቲያን፣ የሌላው ድንኳን ነው። የሚያገናኛቸው ጆሮው የሠለጠነ ጉባኤ መኖሩ ነው።

የዜማውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። «ኬርዝ ዳንት» (የአውታር ጥበብ) የሚባል አዘፋፈን አላቸው። ሃርፕ ደርዳሪው (በገና ማለት ይቀናናል፤ መሣሪያዎቹ ስለሚለያዩ ግን ሃርፕ እላለሁ) አንድ የታወቀ ዜማ ይጀምራል። ዘፋኙ ጥቂት ቆይቶ ይገባና ግጥሙን በሌላ፣ ራሱ ባዘጋጀው ዜማ ይዘፍናል። የሃርፑን ዜማ ተከትሎ መዝፈን አይፈቀድለትም፤ ሁለቱ ግን በአንድ ላይ መጨረስ አለባቸው። የግጥሙ ቃል የሚጠብቅበት ቦታ ከዜማው ምት ጋር እንዲገጥም ማድረግ የዘፋኙ ፈንታ ነው። በመሆኑም ዳኛው ስለ ድምፅ ማማር ብቻ ሳይሆን ቃሉ ተሰምቷል ወይስ ተውጧል፣ ዘፋኙ ግጥሙን ገብቶታል ወይስ አልገባውም የሚለውን ይመረምራል። ይህን አዘፋፈን የሚጠብቅ ማኅበር በ1934 ባላ ከተማ ላይ ተቋቁሞ እስከ ዛሬ አለ። ዜማ ግጥምን በሚበላበት ዘመን፣ ግጥሙ ጌታ ዜማው አገልጋይ የሆነበት ውድድር መኖሩ ለሥነ ቃል አጥኚ ትልቅ ነገር ነው።

በጭፈራው ረገድ ብዙ የምለው የለኝም። ፕሮቴስታንታዊው የጸሎት ቤት ሕይወት ጭፈራን አጥብቆ ስለሚያወግዝ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙው ጠፍቷል፤ በ1930ዎቹ ሎዊስ ብሌክ የተባለች ሴት ከመዛግብትና ከአዛውንት ትዝታ መልሳ መሰብሰብ ጀመረች፤ የጭፈራ ማኅበሩም በ1949 ተመሠረተ። የማይካደው የእንጨት ጫማ ጭፈራ ነው፤ እግሩን ከበሮ የሚያደርግ ግለሰብ በኀይልና በዘዴ የሚፎካከርበት ስለሆነ ለውድድር የተፈጠረ ይመስላል።

ወደ ፍርዱ ልመለስ። ብሔራዊው ጉባኤ ከ1861 ጀምሮ (አንዳንድ ዓመት ከመታጎሉ በቀር) በየዓመቱ፣ አንድ ዓመት በሰሜን አንድ ዓመት በደቡብ እየተዘዋወረ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት ይካሄዳል፤ ወደ 150 ሺህ ሰው ይጎበኘዋል። ሰኞ ለነጻ ግጥም ዘውድ፣ ረቡዕ ለዝርው ሜዳሊያ፣ ዓርብ ለሕግ ግጥም ወንበር ይሰጣል። ተወዳዳሪዎች በብዕር ስም ይጽፋሉ፤ እውነተኛው ስም በታሸገ ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል። ሦስቱ ዳኞች በየፊናቸው ስለ እያንዳንዱ ግጥም፣ ደካማ ለተባለውም ጭምር፣ አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። በዕለቱ ከሦስቱ አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ፍርዱን ያሰማል፤ ይህ በአጭር ዐረፍተ ነገር የሚያልፍ ማስታወቂያ አይደለም፤ ግጥሞቹን በመደብ በመደብ እየለየ፣ እዚህ ላይ ምስሉ ደክሟል፣ እዚያ ላይ ሕጉ ገጣሚውን እንጂ ገጣሚው ሕጉን አልገዛም እያለ የሚተነትን ሂስ ነው። አሸናፊው በሕዝቡ መካከል ተደብቆ ተቀምጧል፤ ስለ ሥራው ክፉውንም በጎውንም እንደማንኛውም አድማጭ ይሰማል። የብዕር ስሙ ተጠርቶ መለከት ሲነፋ ይነሣል። ሰይፉ በከፊል ተመዝዞ «ሰላም አለን?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሕዝቡ «ሰላም» ሲል ሰይፉ ይመለሳል፤ ገጣሚው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሥርዓቱ እንዳበቃ ያሸነፉት ሥራዎችና የዳኞቹ ሙሉ ጽሑፍ በአንድ ጥራዝ ታትሞ «ድርሰቶችና ፍርዶች» በሚል ስም እዚያው ይሸጣል። ሕዝብ ተሰልፎ የሂስ መጽሐፍ የሚገዛበት ሌላ የዜማና የጭፈራ በዓል እኔ አላውቅም።

በአንድ የተማሪዎች የግጥም ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ሦስታችንም ስለ እያንዳንዱ ግጥም ማስታወሻ ጽፈን አስረከብን። በዕለቱ መድረክ መሪው የሦስቱን አሸናፊዎች ስም አንብቦ ጭብጨባ ጠየቀ፤ ባንድ ተነሣ፤ ማስታወሻዎቹ በአዘጋጆቹ ፋይል ውስጥ ቀሩ። ካልተሸለሙት አንዱ ኋላ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ግጥሜ ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የአዳራሹ ሁሉ ጥያቄ መሆን ነበረበት።

እርግጥ በአደባባይ መፍረድ ትክክል መፍረድ ማለት አይደለም። በ1928 ትሪኦርኪ ላይ «ቅዱሱ» በሚል ርእስ ከቀረቡት ግጥሞች የላቀው የግዌናልት (ዴቪድ ጄምስ ጆንስ) ነበር። ቅዱስ ከመሆኑ በፊት ሰውየው በሥጋ ፍትወት ሲቃጠል ገጣሚው ሳይሸፍን ያሳያል። ዳኞቹ፣ ያው ጆን ሞሪስ ጆንስም ከነሱ አንዱ ነበር፣ ይህን አልታገሡም፤ ወንበሩ ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1924 ፖንቲፑል ላይ፣ ፕሮሰር ሪስ ስለ ወጣትነት ፍትወት፣ የወንድ ለወንድ ፍቅርንም ጨምሮ፣ የጻፈውን ግጥም ሌሎች ዳኞች ይዘቱን ሳይወዱት በሙያው አመዛዝነው ዘውዱን ሰጥተውታል። በ1939 ዴንቢ ላይ ደግሞ ከ1927 እስከ 1929 ሦስት ዓመት በተከታታይ ዘውድ የወሰደው ካራዶግ ፕሪቻርድ ራስን ስለ ማጥፋት የጻፈው ግጥም ከቀረቡት የተሻለ ቢባልም «ከተሰጠው ርእስ ወጥቷል» ተብሎ ዘውዱ ተነፈገ።

በኔ ግምት የ1928ቱ ዳኞች ተሳስተዋል። ሥነ ምግባርን ከሥነ ውበት ሳይለዩ ፈርደዋል፤ ቅድስና የሚታወቀው በተሸነፈው ፈተና መጠን መሆኑን አልተቀበሉም። ነገር ግን ይህን ዛሬ ልል የቻልኩት ምክንያታቸውን ስላወቅሁ ነው። ፍርዱ ከነምክንያቱ ታውቋል፤ ግጥሙም ታትሟል፤ የኋላ ዘመን አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይግባኙን አይቷል። ግዌናልትም በ1931 እንደገና ተወዳድሮ ወንበሩን ወስዷል።

የዚህ ጉባኤ ስመ ጥር ዕለት መስከረም 6 ቀን 1917 ነው። ቦታው በእንግሊዝ ምድር በርክንሄድ ነበር። ለ«ጀግናው» ርእስ ወንበሩን ያሸነፈው «ፍለር ደ ሊ» የተባለ የብዕር ስም ተጠራ፣ መለከቱ ተነፋ፣ የሚነሣ ጠፋ። ኤሊስ ኤቫንስ፣ በባለቅኔነት ስሙ ሄዝ ዊን፣ የትራውስቪኒዝ እረኛ፣ ሐምሌ 31 ቀን በፓስንዴል ውጊያ የመጀመሪያ ዕለት ተገድሎ ነበር። ከቤልጅየም በስደት የመጣ አናጢ በጥበብ የጠረበው ወንበር በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ በአዳራሹ ነበሩ። ታሪኩ በ1992 ፊልም ሆኖ ለኦስካር ታጭቷል፤ ያደገበት የእርሻ ቤትም ከነወንበሩ ይጎበኛል።

ስለዚህ ዕለት ሲጻፍ ሁሉም ስለ ጥቁሩ ጨርቅ ይጽፋል። ለሐያሲ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ቲ. ግዊን ጆንስና ጓዶቹ ፍርዳቸውን ሲጽፉ በእጃቸው የነበረው የብዕር ስም ብቻ ነው። ሐዘን ሳይገባበት የተሰጠ የመጨረሻው ፍርድ እሱ ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግጥሙን እንደ ግጥም ማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ስለ ጀግንነት የተጻፈውን የሞተው ጀግና ራሱ ሸፈነው። ረቂቅነቱን፣ ከግሪክ ተረት የተዋሰውን የፕሮሜቲየስ ምስል፣ ከዚያ ዘመን የፍቅርና የሕልም ግጥሞች የወረሰውን ቋንቋ ለመንቀፍ የሚደፍር ጥቂት ነው። ጥቁሩ ጨርቅ ከወንበሩ ላይ ተነሥቶ ከግጥሙ ላይ ገና አልተነሣም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ከ1950 ጀምሮ በጉባኤው መድረክ የሚነገረው ዌልስኛ ብቻ ነው። በ2021ዱ ቆጠራ ዌልስኛ እችላለሁ ያለው ከዌልስ ሕዝብ 17.8 በመቶ፣ ወደ 538 ሺህ ሰው ነው፤ በ1911 ግን ከመቶ 43 በላይ ነበር። ስለዚህ ሕጉ ብዙውን ዌልሳዊ በገዛ አገሩ በዓል ላይ የጆሮ ማዳመጫ አስደርጎ በአስተርጓሚ እንዲሰማ ያደርገዋል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። እኔም የምከታተለው በእንግሊዝኛ ትርጉም በኩል ነው። ይሁንና ትርጉሙ የሚያመጣልኝ የግጥሙን ሐሳብ ብቻ ነው፤ ለ-በ-ሰ-መ፣ ለ-በ-ሰ-መ በመንገድ ይቀራል። በእንግሊዝኛም እንዲሆን ቢፈቀድ የሚሰፋው ታዳሚው ነው፤ የሚጠበው ግን የሠለጠነው ጆሮ ነው። በ2001 ወንበሩን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችውና ከ2024 ጀምሮ ሊቀ ድሩይድ የሆነችው ሜሬሪድ ሆፕዉድ በ2004 ይህን የግጥም ሕግ ለውጭ ሰው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ማሳተሟ ከሁለቱም የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። በሬዲዮም ከ1979 ጀምሮ የሚተላለፍ የባለቅኔዎች ግጥሚያ አለ፤ የእርሻ ሰውና መምህር በየቡድኑ ሆነው በተሰጣቸው ርእስ ይገጥማሉ፣ ዳኛው ከአሥር ነጥብ እየሰጠ ለምን ግማሽ ነጥብ እንደቀነሰ ያስረዳል። ፕሮግራሙ ስሙን የወሰደው ከአውራ ዶሮ ማዋጊያ ሜዳ ነው።

እንዲህ ያለውም ጉባኤ ልማዱን የሚለቅበት ጊዜ አለ። በ2024 ፖንቲፕሪዝ ላይ የተውኔት ሜዳሊያ በሚሰጥበት ዕለት ውድድሩ መሰረዙ ተነገረ። ዳኞች ሥራዎቹን አይተው ከጨረሱ በኋላ የተደረገ ነው፤ ዝርዝር ምክንያት ግን በዕለቱ አልተገለጠም። ጸሐፌ ተውኔቶችና ሌሎች ደራስያን ማብራሪያ ጠየቁ፤ ክርክሩም ከበዓሉ በኋላ ቀጠለ። አዘጋጆቹ በቂ ምክንያት ኖሯቸው ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የክርክሩ ዓይነት ነው። በ1928 የተከራከሩት ሰዎች ግጥሙንና ፍርዱን ይዘው ይከራከሩ ነበር። በ2024 የተከራከሩት ተውኔቱን ሳያዩ፣ ፍርዱን ሳይሰሙ፣ ስለማያውቁት ጽሑፍና ስለማያውቁት ጥፋት ነው። ያን ዕለት ሜዳሊያው «የሚገባው አልተገኘም» ተብሎ፣ ከነዝርዝሩ ተነግሮ፣ ቢነፈግ ኖሮ አንድ ጸሐፊ ያዝን ነበር፤ የተቀሩት ተወዳዳሪዎች ግን ሥራቸው የት ላይ እንደደከመ ሰምተው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።